ድምድሙን አውራ ከመምረጣችሁ በፊት

ውድ የጅማ ወጣት ዶሮ አርቢዎች፣

ዕድሜዬን በዶሮ እርባታ ሙያ አሳልፌ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከግቢዬ ዶሮ ጠፍቶ አያውቅም። ከእናንተ መካከል የአገራችንን ዶሮ መልኩ የተለየና ዘሩ የታወቀ አድርጋችሁ ለማራባት፣ ለውድድር እስከማቅረብ ለማድረስ የምትመኙ እየበዛችሁ በመምጣታችሁ እጅግ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ ብዙ ዶሮ አክስሬ የተማርሁትን ሳትከስሩ እንድታውቁት ይህን ጻፍሁላችሁ።

የውድድር ዶሮ የሚመዘነው በጽሑፍ በሰፈረ መስፈርት ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1865፣ አሜሪካኖች ደግሞ በ1874 የየዝርያውን ቁመና፣ ላባና ክብደት በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ ዳኛውም ዶሮዋን ከዚያ ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ነጥብ ይሰጣታል። እኛ ዘንድ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ጉትያ፣ መላጣ የሚሉ ያማሩ ስሞች ቢኖሩም የላባና የመልክ ስሞች እንጂ የዝርያ ስሞች አይደሉም፤ ከአንዲት እናት ዶሮ እቅፍ ገብስማውም ቀዩም ሊፈለፈል ይችላልና። ስለዚህ አንድ ጫጩት ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ዶሮ በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ከላባው ጋር ክብደቱን፣ የእግሩን ቀለም፣ የጀርባውን ስፋት፣ የእንቁላሉን ብዛት፣ የመታቀፍ ጠባዩንም አትርሱ። መልክ ብቻ የሰፈረበት ገጽ ምን እንደሚያመጣ በራሴ ደርሶ አይቻለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስወጣ የበዓል ገዢ ሁሉ ቀይ ድምድም አውራ፣ ማለትም በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነውን፣ ሲሻማ፣ ነጠላውን፣ ማለትም ሥጋው አንድ ረድፍ ብቻ የሆነውን፣ ግን ዋጋ ሲነሳው አየሁ። እኔም ድምድሙን ከድምድም እያዳቀልሁ፣ ነጠላ ሆና ያደገችውን ቄብ ሁሉ እየሸጥሁ ቀጠልሁ። በሦስተኛው ትውልድ መንጋዬ ለዓይን የሚያስደንቅ ሆነ፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት እንቁላል ያቀፈች ዶሮ በሃያ አንድ ቀኗ አራት ወይም አምስት ጫጩት ብቻ ይዛ ትነሣ ጀመር። መጀመሪያ እናቶቹን ወቀስሁ፣ ቀጥሎ የክረምቱን ብርድ፣ ከዚያም መኖውን። በመጨረሻ በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከባትሪ ብርሃን ፊት ብይዛቸው አብዛኞቹ ያን ዕለት የተጣሉ ይመስል ጥርት ያሉ ነበሩ፤ የደም ሥር የሚባል አልነበረባቸውም። ለእነዚያው ሴቶች ከጎረቤት ነጠላ አውራ ተውሼ ባስገባ በቀጣዩ እቅፍ እንቁላሉ ሁሉ ማለት ይቻላል ጽንስ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምድም የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ዝቅ ያለ ሦስት ረድፍ ሲሆን፣ ሌላው ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ላዩ በትንንሽ እንቡጥ የተሞላ፣ ወደ ኋላ ሹል ያለው ነው። ይህን ሁለተኛውን ከአባትም ከእናትም የወረሰ አውራ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ያሉት የዘር ሕዋሳት እንቅስቃሴ ደካማ ስለሚሆን የሚያጸንሰው ጥቂት ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ግን ምንም ችግር የለበትም፤ ሴቶቹንም አይነካቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት መነሻው ውርስን ከሚሸከሙት ክሮሞሶሞች መካከል በሰባተኛው ላይ አንድ ትልቅ ቁራጭ በመገልበጡ መሆኑን አሳይቷል። መስፈርቱ ድምድም የሚያዝዝበትን ዋያንዶት የተባለውን የአሜሪካ ዝርያ የሚያራቡ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ጥቂት ነጠላ ሴቶችን በመንጋቸው ያቆያሉ። ድምድም አውራችሁ ከሁለቱም ወገን የወረሰ ቢሆን እንኳ ከነጠላ ሴት የሚወለዱት ሁሉ ድምድሞች ናቸው፤ ወንዶቹም በደንብ ያጸንሳሉ። እነዚህ ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ከአራት አንዱ ገደማ ነጠላ ቢወጣ ዘሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ከእነርሱም ቁመናዋ ያማረውን ቄብ አስቀሩ።

መላጣ ለማራባት ለምትፈልጉ ደግሞ ውርሱ በዓይን ይነበባል፤ ከአንገቱ በታች በፊት በኩል የላባ ቁንጮ ያለው ከአንድ ወገን የወረሰ ሲሆን፣ አንገቱ ከሞላ ጎደል ባዶ የሆነው ከሁለቱም የወረሰ ነው።

አንድን አውራ ለእናቱም ለልጆቹም ዓመት ከዓመት መተው በጓሮ እርባታ ውስጥ ከማየው ጥፋት ሁሉ የባሰው ነው። ሦስት ትንንሽ ቤት ሥሩ፤ ቄቦቹ እናታቸው ቤት ይቅሩ፣ የተመረጡት ወንዶች ግን በየትውልዱ ወደሚቀጥለው ቤት ይዛወሩ፤ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ አንደኛው። ጫጩቱ በተፈለፈለበት ቀን በእግሩ ጣቶች መካከል ያለውን ስስ ቆዳ በትንሽ መብሻ ብትበሱት ሲያድግም ምልክቱ አይጠፋም፤ በሁለቱ እግሮች ያሉት አራት ቦታዎች አሥራ ስድስት የተለያዩ ምልክቶች ይሰጣሉ። ምልክቱንም በደብተር መዝግቡ።

ስለ አያያዝ ብዙ አላስረዝምም። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ የምታነጥፉት የቡና ገለባ ከረጠበ ስለሚሻግት ቶሎ ቀይሩት። የፈንግልን ክትባት በወቅቱ ስጡ፤ ፈንግል ከገባ የአሥር ዓመት ምርጫችሁ በሳምንት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቃረቡ ገዢው ከግቢያችሁ መጥቶ የሚጠይቃችሁ ፈጥኖ ያደገውንና ቁመናው የተመላውን አውራ ነው፤ የሚያቀርበውም ዋጋ ያጓጓል። እርሱን ሸጣችሁ የቀረውን ቀጫጫ ለዘር ብታቆዩ በየዓመቱ ምርጫውን ለገዢው አሳልፋችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ በዓሉ ሁለት ወር ሲቀረው ወጣቶቹን አውራዎች አንድ በአንድ ይዛችሁ መዝኑ፣ ከጻፋችሁት ገጽ ጋር አስተያዩ፣ ለዘር የመረጣችኋቸውን እግር ላይ ቀለበት አድርጉ፤ ቀለበት ያለው እንደማይሸጥም ለቤተሰቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ።