ብርሃን ድሮ ፈጣን ቢሆንስ?

ውድ ወጣቶች፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት ፊዚክስ በማስተማር ነው። ዓለም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት ገደማ ነው በሚለው በዓመተ ዓለም አቆጣጠር ያደገ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያነሳት ጥያቄ አለች፦ «መምህር፣ የኮከብ ብርሃን ይህን ያህል ዘመን እንደተጓዘ በምን ታወቀ? ድሮ ፈጣን ቢሆንስ?»

ጥሩ ጥያቄ ናት። የሚቆጣችሁ መምህር ቢያጋጥማችሁም አትተዉት። ግን ጠይቃችሁ ብቻ አትቀመጡ። የብርሃን ፍጥነት አልተለወጠም የሚለው ግምት ስህተት ቢሆን ሌላ ምን ይለወጥ እንደነበር እስከ ጥግ ተከታተሉ።

አንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። በየካቲት 1987 እ.ኤ.አ. ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው ጋላክሲ አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ። ርቀቱ 168,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው፤ ብርሃን በዛሬው ፍጥነቱ በ168,000 ዓመት የሚጨርሰው ማለት ነው። ፍንዳታው የፈጠረው ኮባልት-56 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር እየከሰመ ሲሄድ ብርሃኑም ለወራት ደበዘዘ። ኮባልት-56 እዚህ ምድር ላይ በ77 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። እዚያም የታየው ይኸው ልክ ነው።

አሁን ብርሃን ድሮ ፈጣን ነበር እንበል። ያን ርቀት በ7,500 ዓመት ለመጨረስ በአማካይ 22 እጥፍ መፍጠን ነበረበት። እየቀነሰ ከመጣ ደግሞ፣ ከኮከቡ በ77 ቀን ልዩነት የወጡ ሁለት ጨረሮች እኛ ጋ ሲደርሱ ልዩነታቸው ከአራት ዓመት በላይ ይሆን ነበር። አልሆነም። «ያኔ ኮባልቱም በዚያው እጥፍ ይፈጥን ነበር» ማለት ይቻላል። ግን ይህ አንዱን ግምት ለማዳን ሌላ ግምት መደረብ ነው። የተደረበውም ማስረጃ ይጠየቃል።

ሳይንቲስቶችስ አይሳሳቱም? በደንብ ይሳሳታሉ እንጂ! የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሃብል በ1929 እ.ኤ.አ. ለዩኒቨርስ የመስፋፋት ፍጥነት ባወጣው ቁጥር ሲሰላ የዩኒቨርስ ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይሆን ነበር። የምድር ድንጋዮች ዕድሜ ግን ከዚያ በለጠ። ልጅ እናቱን በዕድሜ በለጠ ማለት ነው! ነገሩ ለዓመታት አስጨነቀ። በ1952 እ.ኤ.አ. ሌላው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ዋልተር ባዴ ከጥፋቱ ምንጮች ዋናውን አገኘው። ርቀት የሚለካባቸው ሴፊድ የሚባሉ ኮከቦች አንድ ዓይነት ብቻ ተደርገው ይታሰቡ ነበር፤ ሁለት ዓይነት ሆነው ተገኙ። የጋላክሲዎች ርቀት በእጥፍ ገደማ አደገ፤ የዩኒቨርስም ዕድሜ አብሮ አደገ። ባዴ «ሁሉም ውሸት ነው» አላለም። የቱ ግምት እንደተሳሳተ ለየ፣ በስንት እንደተሳሳተም ለካ።

ዛሬ የሚነገረው ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። እዚያም ውስጥ ያልተፈታ ክርክር አለ። የመስፋፋቱ ፍጥነት ከዩኒቨርስ መጀመሪያ ዘመን ከቀረው የማይክሮዌቭ ጨረር ሲሰላ፣ በየሜጋፓርሴኩ (3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ) በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በሴፊዶችና በሱፐርኖቫዎች (በሚፈነዱ ኮከቦች) ሲለካ 73 ገደማ። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ገና እየተፈለገ ነው። ሒሳብ የምትወዱ ልጆች፣ ከዚህ ጀምሩ።