በረራዬ ዘገየ፣ ተሰረዘ፤ ምን ይገባኛል? ጥያቄና መልስ

በተሳፋሪዎች የካሳ ጉዳይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ በአየር መንገድ በኩል ሆኜ ለቅሬታ መልስ እጽፍ ነበር፤ አሁን ከተሳፋሪው ጎን ነኝ። «ያላችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር፤ የደረሱኝን ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሰው ሁሌ የሚያደባልቃቸው ሦስት መብቶች አሉ። አንዱ ያልበረራችሁበት ትኬት ዋጋ ተመላሽ መሆኑ ነው። ሁለተኛው እስክትሳፈሩ ድረስ ምግብ፣ መጠጥና ማደሪያ ማግኘት ነው። ሦስተኛው ለባከነው ጊዜያችሁ የሚከፈል ካሳ ነው። የትኬት ብሬ ተመለሰልኝ ማለት ካሳዬን ተቀበልኩ ማለት አይደለም። ካሳ ተከለከልኩ ማለትም ምሳዬ ቀረ ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ከፍራንክፈርት የተነሳው በረራዬ 4 ሰዓት ዘገየ። አየር መንገዱ የአውሮፓ አይደለም። «የአውሮፓ ሕግ እኛን አይመለከተንም» አሉኝ። እውነት ነው?

አብሮ ይስጥልኝ። እውነት አይደለም። ደንብ 261/2004 ይባላል፤ ከፌብሩዋሪ 2005 ጀምሮ ይሠራል። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ሁሉ በዚህ ደንብ ሥር ነው፤ አየር መንገዱ የማንም ይሁን የማን። ኖርዌይ፣ አይስላንድና ስዊዘርላንድም እንዲሁ። ከውጭ ወደ አውሮፓ ሲመጣ ግን ደንቡ የሚሠራው አየር መንገዱ አውሮፓዊ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው አየር መንገድ ስትሄድ ካሳ ሊኖርህ፣ ስትመለስ ላይኖርህ ይችላል። ያናድዳል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ ነው።

መጠኑ በትኬትህ ዋጋ አይወሰንም፤ በርቀት ነው። እስከ 1500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ። ከዚያ በላይ እስከ 3500 ኪሎ ሜትር 400 ዩሮ። ከ3500 በላይ 600 ዩሮ። በኅብረቱ አገሮች መካከል ከሆነ ርቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ከ400 አያልፍም። በርካሽ የገዛም በውድ የገዛም እኩል ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ 4 ሰዓት ያልከው ሲነሳ ነው ወይስ ሲደርስ? የሚቆጠረው ሲደርስ ነው፤ ካሳም የሚገባው 3 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ለደረሰ ነው። ከ3500 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጉዞ ከ3 ሰዓት በላይ ግን ከ4 ሰዓት በታች ዘግይተህ ከደረስክ፣ 600ው በግማሽ ሊቀነስ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? የእኛ አውሮፕላን መሬት ሲነካ 3 ሰዓት አልሞላውም ነበር። ከዚያ ግን በር እስኪከፈት ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ፤ ልክ በእሷ ላይ ፍርድ ስላለ። ከሳልዝቡርግ ወደ ኮሎኝ የሚሄድ አውሮፕላን ጎማው መሬት ሲነካ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ዘግይቷል። ማቆሚያው ላይ ሲቆም 3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ሆነ። በሩ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። አየር መንገዱ «ያረፍንበት ይቆጠር» አለ፤ ተሳፋሪው «የወጣሁበት ይቆጠር» አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ለተሳፋሪው ፈረደ። ቢያንስ አንዱ በር ተከፍቶ ሰው እንዲወጣ የተፈቀደበት ሰዓት ነው መድረሻው። ምክንያቱም በሩ እስኪከፈት ድረስ ሰው ወንበሩ ላይ ታስሮ ነው፤ የራሱን ጉዳይ ማድረግ አይችልም።

ስለዚህ በሩ ሲከፈት ስልካችሁን አውጡና ሰዓቱን በፎቶ ያዙ። በ5 ደቂቃ ልዩነት 250 ዩሮ የሚገኝበት ሌላ ሥራ አላውቅም።

እግረ መንገዴን፦ ደንቡ ላይ ለመዘግየት ካሳ ይከፈላል የሚል አንቀጽ ፈልጋችሁ ብታጡ አትደንግጡ። ጽሑፉ ካሳን የሚያነሳው ለተሰረዘ በረራና መሳፈር ለተከለከለ ተሳፋሪ ነው። 3 ሰዓት ዘግይቶ የደረሰም በረራው እንደተሰረዘበት ሰው ይካሳል ያለው ያው ፍርድ ቤት ነው፤ በ2009።

ጥያቄ፦ እኔን «የቴክኒክ ብልሽት ነው፣ ከአቅማችን በላይ ነበር» ብለው መለሱኝ። ካሳ የለም ማለት ነው?

ይህን ዓረፍተ ነገር ድሮ እኔም ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። አብዛኛው ሰው አንብቦ ይተወዋል። አትተወው።

አየር መንገድ ከካሳ የሚያመልጠው ልዩ ሁኔታ ሲገጥመውና የሚቻለውን ሁሉ አድርጎም ማስቀረት ሲያቅተው ነው። የማስረዳቱ ሸክም የእሱ ነው፤ ያንተ አይደለም። ተራ የቴክኒክ ብልሽት ከ2008 ፍርድ ጀምሮ ልዩ ሁኔታ አይባልም። አውሮፕላን ማንቀሳቀስ ሥራው የሆነ ድርጅት ብልሽት እንደሚያጋጥመው ያውቃል።

ልዩ የሚባለው ምንድን ነው? ከባድ የአየር ጠባይ፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ገደብ፣ የጸጥታ ስጋት። ወፍ ከአውሮፕላን ጋር ብትጋጭም ልዩ ነው፤ ፍርድ ቤቱ በ2017 እንዲያ ብሏል። የአየር መንገዱ የራሱ ሠራተኞች ለደመወዝ ቢያድሙ ግን ልዩ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደኝ የ2023ቱ ፍርድ ነው። ረዳት አብራሪው በረራው ሊነሳ ሰዓታት ሲቀሩት ሆቴል አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ሌሎቹ የበረራ ሠራተኞች መብረር አልቻሉም፤ በረራው ተሰረዘ። ፍርድ ቤቱ ይህም ቢሆን ልዩ ሁኔታ አይደለም፣ ካሳው ይከፈል አለ። ልብ ይሰብራል። ግን አስቡት፤ ይህን ያህል ጠበቅ ያለ መስፈርት ሲሆን፣ «ብልሽት ነበር» ተብሎ በሁለት መስመር የተጻፈ ኢሜይል ምን ያህል ይጓዛል?

የምትመልሰው እንዲህ ነው፦ «ብልሽቱ ምን እንደነበር፣ መቼ እንደታወቀና ለማስቀረት ምን እንዳደረጋችሁ በጽሑፍ አስረዱኝ።»

ጥያቄ፦ በበረዶ ምክንያት ተሰርዞ ሌሊቱን ኤርፖርት ወንበር ላይ አደርኩ። የአየር ጠባይ ስለሆነ ምንም አይገባሽም ተባልኩ።

እህቴ፣ ካሳው ላይ ልክ ናቸው። ምንም አይገባሽም ማለታቸው ግን ስህተት ነው። ምግብ፣ ሆቴልና ወደ ሆቴሉ መመላለሻ በየትኛውም ምክንያት አይቀርም። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ፣ ፖርቱጋል ፋሮ ላይ የቀረች አንዲት መንገደኛ ወደ ደብሊን የተመለሰችው ከሳምንት በኋላ ነው። አየር መንገዱ ምንም አላደረገላትም። በ2013 ፍርድ ቤቱ፣ እሳተ ገሞራም ቢሆን የማብላትና የማሳደሩ ግዴታ የገንዘብም የጊዜም ጣሪያ የለውም አለ።

ለሌላ ጊዜ፦ ካውንተሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለሽ፣ ልከኛ ሆቴል ራስሽ ያዢ፤ ደረሰኝ ሰብስቢ፤ ከዚያ ጠይቂ። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴልና ወይን ጠጅ ከሆነ አልከራከርልሽም። ጌቱ ላይ የቆመውን ልጅ ግን አትቆጪው። እሱም እንዳንቺ መረጃ የሚጠብቅ ነው፤ ሆቴል የሚፈቅደው ሌላ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሲሰርዙብን «የትኬታችሁን ዋጋ በቫውቸር ውሰዱ፣ ጭማሪም አለው» አሉ። ጥሩ ነው?

ለእኔ ጥሩ አይደለም። በደንቡ ቫውቸር (ለሌላ ጊዜ ትኬት መግዣ የሚሆን ወረቀት) የሚሰጠው በፊርማ ከተስማማችሁ ብቻ ነው። ካልፈለጋችሁ ብሩ በ7 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ቫውቸር ቀን ያልፍበታል፣ ስም መቀየር ላይፈቅድ ይችላል፣ አየር መንገዱ ከከሰረም ወረቀት ነው። በዚያው መስመር ቶሎ ቶሎ የምትመላለሱ ከሆናችሁ ብቻ ጭማሪው ያዋጣል። የምትፈርሙትን ደግሞ አንብቡ። አንዳንዱ ቅጽ ከታች በደቃቅ ፊደል «ሌላ ጥያቄ የለኝም» ይላል።

መሰረዙን ከ14 ቀን በፊት ከነገሯችሁ ካሳ የለም። ያኔም ግን ብራችሁን ወይም ሌላ በረራ መምረጥ የእናንተ ፋንታ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው በረራ 40 ደቂቃ ብቻ ዘገየ። ግን ትራንዚቱ አመለጠኝና 9 ሰዓት ዘግይቼ ደረስኩ።

በአንድ ቡኪንግ የተያዘ ከሆነ የሚታየው የመጨረሻው መድረሻህ ነው፤ 9 ሰዓት ዘግይተሃል፤ ካሳ መጠየቅ ትችላለህ። ርቀቱም ከመነሻህ እስከ መጨረሻው መድረሻ በቀጥታ መስመር ይለካል። ሁለት ትኬት ለየብቻ ገዝተህ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው፤ 40 ደቂቃዋ ምንም አታመጣም። ለብቻ መግዛት ረከስ የሚለው በነጻ አይደለም።

ጥያቄ፦ አውሮፓን የማይነካ ጉዞ የምንሄድስ?

እዚህ ላይ መብቱ ይሳሳል እንጂ አይጠፋም። ብዙ አገሮች የፈረሙት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አለ። ተመን ያለው ካሳ የለውም። በመዘግየቱ የደረሰባችሁን እውነተኛ ኪሳራ ግን ትጠይቃላችሁ፤ የከፈላችሁት ሆቴል፣ ያመለጣችሁ ባቡር። ለመዘግየት ጣሪያው ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 6303 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ አንዱ ከ1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ከፍ ይላል። ያለ ደረሰኝ ግን ምንም የለም፤ ለብስጭት አይከፍልም። አየር መንገዱም የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነጻ ይወጣል።

እንግሊዝ ከኅብረቱ ስትወጣ ደንቡን ይዛ ነው የወጣችው፤ 220፣ 350 እና 520 ፓውንድ ይከፈላል። ካናዳ ከ2019 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት። ምክንያቱ በአየር መንገዱ እጅ ከሆነና የደኅንነት ጉዳይ ካልሆነ፣ ትልልቆቹ እንደ መዘግየቱ 400፣ 700 ወይም 1000 የካናዳ ዶላር ይከፍላሉ፤ ማመልከቻው በ1 ዓመት ውስጥ ይግባ። አሜሪካ ለመዘግየት ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የላትም። ተሰርዞ ወይም በአገር ውስጥ 3፣ በዓለም አቀፍ 6 ሰዓት ተራዝሞ «አልሄድም» ካላችሁ ግን ብራችሁ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ኢሜይል የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ትኬቱንም የገዙልኝ ልጆቼ ናቸው። ካሳው የማን ነው?

እማማ፣ የእርስዎ ነው። ካሳው የሚከፈለው ለከፈለው ሳይሆን ለተጉላላው ነው። ማመልከቻውን ልጆችዎ ይጻፉልዎ፣ እርስዎ ይፈርሙ። ሦስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ለሦስታችሁም ለየብቻ ነው። በነጻ የታቀፈ ሕፃን ብቻ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ ቼክ ኢን አድርጌ ጌት ላይ ስደርስ «ሞልቷል» አሉኝ።

ከመቀመጫው በላይ ሸጠዋል ማለት ነው። መጀመሪያ በፈቃዱ የሚቀር ሰው መፈለግ አለባቸው። ያለ ፈቃድህ ካስቀሩህ በአውሮፓው ደንብ ካሳው እዚያው፣ ወዲያው ነው። «ማን በፈቃዱ ይቀራል?» ሲባል እጅህን ቶሎ አታውጣ፤ ለሚቀረው የሚያቀርቡት ዋጋ ሊጨምር ይችላል።

ጥያቄ፦ ሻንጣዬስ?

ሻንጣ የሞንትሪያሉ ነው። ከኤርፖርት ሳትወጣ የጠፋ ሻንጣ ሪፖርት አስሞላና ቅጂ ያዝ። ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ሻንጣው በእጅህ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክት። 21 ቀን ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ጣሪያው 1519 ኤስዲአር ነው። ክስ ከሆነ 2 ዓመት አለህ። ወርቅና ላፕቶፕ ሻንጣ ውስጥ አትክተት።

ጥያቄ፦ ካሳ አስመላሽ ድርጅቶች ልጠቀም?

መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪ። ሲሶ ያህሉን ይወስዳሉ፤ ፍርድ ቤት ከገባ እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ሥራው ግን አንድ አንቀጽ መጻፍ ነው፦

«በዚህ ቀን፣ በዚህ የበረራ ቁጥር፣ ከዚህ ወደዚህ ስጓዝ መድረሻዬ የደረስኩት ይህን ያህል ሰዓት ዘግይቼ ነው። በደንብ 261/2004 አንቀጽ 7 መሠረት 400 ዩሮ (መጠኑን እንደ ርቀትሽ ቀይሪው) በዚህ የባንክ ሒሳብ ገቢ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ። ቫውቸር አልቀበልም።»

በቃ። ስለ ቁጣሽና ስለ እንባሽ አትጻፊ፤ ማንም አያነበውም፤ እኔም አላነብም ነበር። የምትጽፊው አውሮፕላኑን ላበረረው አየር መንገድ ነው፤ ትኬቱን ለሸጠው አይደለም። ኢሜይልሽ የውሃ ሽታ ከሆነ፣ በየአገሩ ደንቡን ለሚያስከብረው መሥሪያ ቤት አመልክቺ። ክስም በተነሳሽበት ወይም በደረስሽበት ከተማ ፍርድ ቤት መመሥረት ይቻላል። ጊዜው እንደ አገሩ ይለያያል፤ ጀርመን 3፣ ፈረንሳይ 5፣ እንግሊዝ 6 ዓመት። እዚህ ደረጃ ላይ ደርሰው ዝም ካሉሽ፣ ያኔ ለድርጅቱ ስጪው፤ ምንም ከማጣት ግማሹ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቦርዲንግ ፓሴን ጥዬዋለሁ። አለቀልኝ?

አላለቀልህም። የቡኪንግ ማረጋገጫ ኢሜይልህን ፈልገህ አያይዝ። ፍርድ ቤቱ በ2019፣ ቦርዲንግ ፓስ አላቀረበም ተብሎ ብቻ ካሳ አይከለከልም ብሏል። አልተሳፈርክም የሚሉ ከሆነ እነሱ ያስረዱ።