መልስ፦ የ911 (የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ) ጥሪ የመቀበል ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ደሞዙ ግን አላኖረኝም፤ ልልቀቅ?

አትልቀቂ። መጀመሪያ የቋንቋ ክፍያ ጠይቂ። አማርኛ እንደምትችዪ ጽፈሻል። ሁለት ቋንቋ ለሚናገር ሠራተኛ ፈትነው ጭማሪ የሚከፍሉ ካውንቲዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) አሉ፤ ግን ማንም መጥቶ አይነግርሽም። የሰው ኃይል ክፍሉን በቃል ሳይሆን በኢሜይል ጠይቂ። አማርኛ ዝርዝራቸው ውስጥ ከሌለ፣ በአስተርጓሚ መስመር ስንት የአማርኛ ጥሪ እንዳለፈ ቁጥሩን እንዲያወጡ አለቃሽን ለምኚ። ቁጥር ያሳምናል።

ቀጥሎ አዲስ ሰው የማሠልጠኑን ሥራ ያዢ። ብዙ ቦታ ለዚያ ሰዓት የተለየ ክፍያ አለው።

"ለምን እንዲህ አነሰ?" ላልሽው፣ አንዱ ምክንያት ምደባው ነው። የፌዴራሉ የሥራ ምደባ እኛን የ911 ስልክ ተቀባዮችን የሚቆጥረን ከቢሮ ሠራተኞች ጋር እንጂ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ጋር አይደለም። ልጇ ትንፋሽ ያጣባትን እናት በስልክ ደረት መጫን እያስቆጠርሽ፣ "የቢሮ ሥራ"! አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ቀይረውታል፤ የአንቺን ስቴት እዪ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ኑሮሽን ኦቨርታይም ላይ አትመሥርቺ። እኔ የትርፍ ሰዓቱን ብር እንደ ቋሚ ገቢ ቆጥሬ መኪና በብድር ገዛሁ። አዲስ ሰዎች ሲቀጠሩ ትርፍ ሰዓቱ ቀነሰ፤ ብድሩ የት ይሄዳል? ያገኘሁትን ፈረቃ ሁሉ መሻማት ጀመርኩ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እየጣለኝ የቤት ቁጥር ሳላስደግም አምቡላንስ ላክሁ። በእንግሊዝኛ 14 ሲሉኝ 40 ሰምቻለሁ። አምቡላንሱ ደረሰ፣ ግን ዘግይቶ። ከዚያ ወዲህ 12 ሰዓት ከሠራሁ በኋላ ተጨማሪ ፈረቃ በፈቃዴ አልወስድም።