ሰባተኛ እና ዲ የት ነው? በዋሽንግተን አካባቢ አዲስ ለምትነዱ

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ለሥራ ኢንተርቪው ወጣ። ከአገር ቤት ከመጣ ሦስት ወሩ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ሸሚዙን ተኩሶ፣ አድራሻውን ስልኩ ላይ ጽፎ፣ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ከአሌክሳንድሪያ ተነሳ። ስልኩ "ደርሰዋል" ሲለው ያገኘው ግን ተጠጋግተው የተሠሩ መኖሪያ ቤቶችና ውሻዋን የምታናፍስ አንዲት ሴትዮ ነበር።

"ጋሼ፣ እዚህ ቢሮ የሚባል ነገር የለም እኮ!" ብሎ ደወለልኝ።

"የጻፍከውን አንብብልኝ።"

"ሰባተኛ እና ዲ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አለቀ።"

አላለቀም። ዋሽንግተን ዲሲ ከካፒቶል ሕንፃ ተነስታ አራት ቦታ ትከፈላለች፤ ኖርዝዌስት፣ ኖርዝኢስት፣ ሳውዝዌስት፣ ሳውዝኢስት። በቁጥርና በፊደል የተሰየሙት መንገዶች በየክፍሉ ይደጋገማሉ። ስለዚህ ሰባተኛ መንገድ ከዲ ጋር የሚገናኘው አራት ቦታ ነው። ልጁ የተፈለገው ኖርዝዌስት፣ የቆመው ኖርዝኢስት። ከአድራሻው መጨረሻ ያሉት ሁለት ፊደላት (NW) ጌጥ መስለውት ትቷቸዋል። እኔም ታክሲ የጀመርኩ ሰሞን በዚሁ ተበልቻለሁ፤ ለዚያውም ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓቱን በየደቂቃው እያየ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ስትሻገሩ ደግሞ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። አንድ ስም ይዘው ስትሪት፣ ኮርት፣ ፕሌስ፣ ቴራስ የሚባሉ ጎን ለጎን የተዘረጉ መንገዶች አሉ። የመጨረሻዋን ቃል ሳታዩ "ጀምር" የሚለውን አትንኩ።

እኛ "መድኃኔዓለምን አልፈህ፣ ከባንኩ ፊት ለፊት፣ ስትደርስ ደውልልኝ" እየተባባልን ነው ያደግነው። ስልኩ ግን የተጻፈለትን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ካርታው የሚያስብላችሁ ለደቂቃችሁ ነው፤ ለኪሳችሁ አይደለም። ዝም ብላችሁ ከተከተላችሁት አራት ደቂቃ ለማትረፍ የሚያስከፍል መንገድ ውስጥ ይከታችኋል። ኢንተርስቴት 66 ከተማዋን ከሚዞረው ቤልትዌይ (495) ወደ ከተማ የሚገባው አሥር ማይል የማይሞላ መንገድ ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ከሰኞ እስከ አርብ ጠዋት ወደ ከተማ ሲገቡ፣ ማታ ደግሞ ሲወጡ ያስከፍላል። ዋጋው እንደ መኪናው ብዛት ይወጣል፣ ይወርዳል። በተጀመረበት ሳምንት 40 ዶላር ደርሶ አገር ጉድ ብሏል። የ495 ኤክስፕረስ መስመሮች ደግሞ ሌሊትም ቅዳሜና እሁድም ያስከፍላሉ። በጉግል ማፕስም በዌዝም "ቶል (የመንገድ ክፍያ) አስወግድ" የምትል ማስተካከያ አለች። እሷን አብሩና ሁለቱን መንገድ አወዳድሩ። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ከሆነ ገንዘቡ ይቅርባችሁ። ሰው የምታመላልሱ ከሆነና ጊዜው ራሱ ገቢያችሁ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ያኔ ክፈሉ።

ቤተሰብ ላላችሁ ደግሞ ኢዚ ፓስ ፍሌክስ የምትባለውን፣ መስታወት ላይ ተለጥፋ የመንገዱን ክፍያ የምትቆርጠውን ዕቃ አውጡ። መኪናው ውስጥ ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ካለ፣ ማብሪያዋን ወደ ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) ገፋ አድርጋችሁ በእነዚህ መንገዶች በነፃ ትሄዳላችሁ። ሕፃንም እንደ ሰው ይቆጠራል። ተራዋን ኢዚ ፓስ ይዛችሁ ሦስት ሆናችሁ ብትሄዱ ግን ማንም አይቆጥርላችሁም፣ ትከፍላላችሁ። ደለስ (Dulles) ኤርፖርት ዘመድ ለመቀበል ስትሄዱም መሀል ለመሀል የሚያልፈው የኤርፖርት መንገድ ነፃ ነው፤ የሚያስከፍለው በግራና በቀኙ ያለው 267 የሚባለው መንገድ ነው። መለያያው ላይ ምልክቱን አንብቡ።

ወደ ነዳጁ ልምጣ። አዲስ የመጣ ሰው "ጋዝ ልቅዳ" ስንል ሲሰማ ይደነግጣል፤ አገር ቤት ጋዝ ማለት የፋኖስና የምድጃው ነውና። እዚህ ጋዝ የሚሉት ቤንዚኑን ነው። ናፍጣው ዲዝል ነው፤ መቅጃው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ይሁን እንጂ ሁልጊዜ አይደለም፣ ጽሑፉን አንብቡ። መኪናችሁ 87 ኦክቴን (የቤንዚኑ ደረጃ) የሚበቃው ከሆነ 93 መቅዳት ትርፉ ወጪ ነው። የመኪናው መመሪያ ምን እንደሚል አንዴ እዩና ጨርሱ።

ርካሹን ለማግኘት ጋዝባዲ የሚባለው አፕ አለ፤ ጉግል ማፕስና ዌዝም ማደያዎቹን ከነዋጋቸው ያሳያሉ። ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ዋጋው የገባው መቼ ነው? "ከሁለት ቀን በፊት" የሚል ከሆነ እርሱት። ሁለተኛ፣ የካሽ ነው ወይስ የካርድ? አንድ ማታ ከሰፈሬ ርቄ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ባየሁት ቁጥር ተስቤ ገባሁ። ቀድቼ ስጨርስ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። ሰሌዳው ሥር፣ ቀን እንኳ ተጠግተህ ካላየህ በማትታይ ጽሑፍ "ካሽ" ተብሏል። እኔ የከፈልኩት በካርድ ነበር።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየው እዚህ ላይ ነው። አምስት ማይል ርቆ ያለ ማደያ በጋሎን 10 ሳንቲም ይቀንሳል እንበል። 12 ጋሎን ስትቀዱ 1 ዶላር ከ20 አተረፋችሁ። ደርሶ መልሱ 10 ማይል ነው። መኪናችሁ በአንድ ጋሎን 25 ማይል የምትሄድ ከሆነ 0.4 ጋሎን አቃጠላችሁ፤ ጋሎኑ 3 ዶላር ከ20 ቢሆን 1 ዶላር ከ28። ስምንት ሳንቲም ከስራችሁ፣ ሃያ ደቂቃ አባክናችሁ ተመለሳችሁ ማለት ነው። ልዩነቱ 40 ሳንቲም ቢሆን ወይም ማደያው መንገዳችሁ ላይ ቢሆን አዎ፣ ቅዱ። ለዚህም የሚረዳ ነገር አለ፤ ጉዞውን ጀምራችሁ ሳለ ካርታው ላይ ማደያ ስትፈልጉ በመንገዳችሁ ያሉትን ያወጣላችኋል። እንደ ኮስትኮ ያሉ የአባልነት ማደያዎች ርካሽ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሰልፉን አይታችሁ ፍረዱ።

ቨርጂኒያ ውስጥ ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ ከዲሲና ከሜሪላንድ ይረክሳል፤ የግብሩም ልዩነት አለበት። ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት ቅዱ። ወደ ኒው ዮርክ ስትወጡ ኒው ጀርሲ ላይ ወርዳችሁ መቅጃውን እንዳትይዙ፤ እዚያ ከ1949 ጀምሮ ሾፌር ራሱ እንዳይቀዳ በሕግ ተከልክሏል። ወንበራችሁ ላይ ሁኑ፣ ሠራተኛው ይመጣል። የተከራያችሁት መኪና ከሆነ መመለሻው አፍንጫ ሥር ያለውን ማደያ አትጠብቁ፤ ሌላ ምርጫ እንደሌላችሁ ባለቤቱ ያውቃል።

በዴቢት ካርድ ማሽኑ ላይ ስትከፍሉም ተጠንቀቁ። ማደያው የምትቀዱትን ስለማያውቅ ካርዳችሁ ላይ እስከ 175 ዶላር ድረስ ለጊዜው ሊይዝ ይችላል። የቀዳችሁት የ30 ዶላር ቢሆንም ቀሪው እስኪለቀቅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ሒሳባችሁ ውስጥ ያለው የቤት ኪራይ ብቻ ከሆነ መዘዙ ይታያችሁ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደ ውስጥ ግቡና "ፓምፕ አራት፣ ሠላሳ ዶላር" ብላችሁ ክፈሉ።

ስልኩን በእጅ ይዞ መንዳት በዲሲም በሜሪላንድም ያስቀጣል። ቨርጂኒያም ከጥር 2021 ጀምሮ ከልክላለች፤ የመጀመሪያው ቅጣት 125 ዶላር፣ ሁለተኛው 250 ነው። አሥር ዶላር የማይሞላ ማስቀመጫ ግዙና መስታወቱ ሥር ስቀሉት። በመከር ቅጠል ለማየት ወደ ሸናንዶዋ ወይም ወደ ዌስት ቨርጂኒያ የምትወጡ ደግሞ ቤት ሳላችሁ በዋይፋይ የአካባቢውን ካርታ አውርዱ፤ ተራራው መሀል ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለም። ትራክ የያዛችሁ ወንድሞች፣ ጉግል ማፕስ የመኪናችሁን ቁመት አይጠይቅም። ትራክ ወደማይገባበት ፓርክዌይ ወይም ዝቅተኛ ድልድይ ሥር ቢወስዳችሁ ተጠያቂው እናንተ ናችሁ፤ የትራክ ጂፒኤስ ግዙ።

የእህቴ ልጅ ያን ዕለት 25 ደቂቃ ዘግይቶ ደረሰ። ሥራውን አላገኘም፤ ሌላ አገኘ። አሁን ለክርስትናም ለለቅሶም አድራሻ የሚልክልን እሱ ነው። ሕንፃው ብዙ መግቢያ ካለው ካርታው ላይ ትክክለኛውን በር በጣቱ ለአፍታ ተጭኖ በመያዝ ነጥብ ያደርግና ያንኑ ይልካል። ከሥሩም በአማርኛ ይጨምርበታል፦ "ኖርዝዌስት ነው፤ መንገዱ ዳር ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ መኪና ይጎትታሉ፣ ከኋላ አቁሙ።"