ፊቷን የምናውቃት፣ ስሟን የማንይዘው ቴልማ ሪተር

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ? የድሮ የአሜሪካ ፊልም ነፍሴ ነው። ሪር ዊንዶው ላይ እግሩ የተሰበረውን ጄምስ ስቱዋርትን ልታሸው የምትመጣዋ ነርስ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው ሴትዮ ማናት? ኦል አባውት ኢቭ ላይም አይቻታለሁ። ኦስካር ወስዳ ታውቃለች? እንደዛ እየቻለችስ ለምንድነው መሪ ሆና የማላያት? የድሮ ፊልም ሱሰኛዋ ነኝ።

መልስ፦ ቴልማ ሪተር ትባላለች እህታችን፣ የብሩክሊን ልጅ ናት፣ አነጋገሯም የሰፈሯ ነው እንጂ ለፊልም ብላ የተለማመደችው እንዳይመስልሽ። ኦስካር አልወሰደችም። 6 ጊዜ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ታጭታ 6ቱንም ጊዜ ባዶ እጇን ነው የወጣችው፣ ከ1950 እስከ 1953 በወጡ ፊልሞች ተከታታይ 4 ዓመት፣ ከዛ በ1959ኙ ፒሎው ቶክና በ1962ቱ በርድማን ኦፍ አልካትራዝ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እንደውም በ1955 የኦስካሩን ፕሮግራም ከኒውዮርክ በኩል የመራችው እሷ ነበረች፣ ቦብ ሆፕ ደሞ ከሆሊውድ። መድረኩን ሰጧት፣ ሽልማቱን ግን አይ።

መሪ ያልሆነችበት ምክንያት ብዙም አያስቸግርም። ትወና ተምራ ቲያትር ላይ ሰርታለች፣ ከዛ ልጆች ልታሳድግ አቋርጣ በኋላ ሬዲዮ ላይ ተመለሰች፣ ፊልም ውስጥ የገባችው በ1947 ነው፣ 45 ዓመት ገደማ ሆኗት ማለት ነው። ሚራክል ኦን ሰርቲ ፎርዝ ስትሪት ላይ ለልጇ መጫወቻ ፈልጋ ያጣች እናት ሆና ትንሽ ብቅ ትላለች፣ ስሟ እንኳን አልተጻፈም፣ ግን የፎክስ ስቱዲዮ አለቃ ዳሪል ዛነክ ወደዳትና በቃ በዛው ቀጠለች። ያኔ ደሞ ማን ምን እንደሚጫወት የሚወስነው ስቱዲዮው ነው፣ በዛ እድሜ ለመጣች ሴት ደሞ የሚሰጣት ወይ ሰራተኛ ወይ ነርስ ወይ የሰው እናት ነው። ዘ ሜቲንግ ሲዝንን ብታይው የልጇ ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ ብላ የምትገባ እናት ናት፣ ፊልሙን ተሸክማው የምትሄደው እሷ ሆና ስሟ ግን ከጂን ቲርኒና ከጆን ለንድ በታች ነው። ኦል አባውት ኢቭ ላይም የኢቭን ተንኮል ከሁሉ በፊት ያሸተተችው እሷ ናት፣ ግን ፊልሙ መሃል ላይ ድምጿ ይጠፋል፣ ወዴት ሄደች የሚልም የለም! ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

ቲያትር ቤት ግን ሌላ ነው። በ1958 ኒው ገርል ኢን ታውን በሚባል ሙዚቃዊ ቲያትር ቶኒ የሚባለውን የአሜሪካ የቲያትር ሽልማት ወስዳለች፣ እሱም በመሪ ተዋናይት ዘርፍ፣ አብራት ከምትሰራው ከግዌን ቨርደን ጋር እኩል ሆነው ሁለቱም ተሸለሙ። ስለዚ መሪ መሆን አቅቷት አይደለም።

ኦስካሩን መውሰድ የነበረባት እኔን ከጠየቅሽኝ በ1953ቱ ፒክአፕ ኦን ሳውዝ ስትሪት ነው። ለፖሊስ ወሬ እየሸጠች የምትኖር አሮጊት ናት፣ ገንዘቡን የምታጠራቅመውም የድሃ መቃብር ውስጥ እንዳይጥሏት ብላ ለራሷ ቀብር ነው። የዛን ዓመት ዶና ሪድ ወሰደችው፣ መጥፎ ተዋናይ ናት አልልም፣ ግን አይወዳደርም። ነርሷን ከወደድሻት ቀጥሎ እሱን ነው ማየት ያለብሽ፣ ከዛ ማሪሊን ሞንሮ ያለችበትን ሚስፊትስ።