መልስ፦ ዶሚኒካ ያለው የሚፈላ ሐይቅ ያለ ጋይድ ይኬዳል ወይ?
እህቴ፣ የካሪቢያን ደሴት በሆነችው ዶሚኒካ፣ ሞርን ትሯ ፒቶን ፓርክ ውስጥ ያለውን የሚፈላ ሐይቅ ብቻዬን ሄጄ ማየት እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ በናትሽ ያለ ጋይድ እንዳትሞክሪው። መንገዱ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ግን ጫካው ዝናብ አያጣውም፣ ጭቃው፣ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ ተደማምሮ 6 ሰዓት ቢፈጅብሽ አይግረምሽ፣ ሎዳ መንደር አጠገብ ካለው ቲቱ ጎርጅ ከሚባል ጠባብ ሸለቆ ነው የሚጀመረው፣ በጠዋት ተነሺ።

ከሐይቁ በፊት የምታልፊው ሸለቆ ነው የሚያሰጋኝ፣ ከመሬቱ እንፋሎት ይወጣል፣ ድኝ ድኝ ይሸታል፣ አንዳንድ ቦታ ላዩ ስስ ሆኖ ስሩ የፈላ ውሃ ስለሆነ ጋይዱ የረገጠበትን ብቻ ርገጪ። ሐይቁ ራሱ ግን ጉድ ነው! ወደ 60 ሜትር ስፋት አለው፣ ከስር ካለው ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ነው መሀሉን እንደ ሽሮ የሚያንተከትከው፣ ዳሩ እንኳን ከ80 ዲግሪ በላይ ተለክቷል፣ ስለዚህ ለፎቶ ብለሽ እንዳትጠጊ።

ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ትራፋልጋር ፏፏቴ እዛው ፓርክ አካባቢ ነው፣ አጭር የእግር መንገድ ነው፣ በጣም ያምራል።