«ድምፁን ከፍ አድርጊው» ሲባል ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ለጀማሪዎች ክራርና ኪቦርድ አስተምራለሁ። የማስተምረው በአማርኛ ነው። ሰሞኑን አንዲት የ11 ዓመት ተማሪዬ ዶን (ከዶ ሬ ሚ የመጀመሪያውን ድምፅ) እየተጫወተች ሳለ «አሁን ድምፁን ከፍ አድርጊው» አልኳት። እሷ ያንኑ ዶ በኃይል ተጫነችው። እኔ ግን ቀጥሎ ያለውን ሬ እንድትጫወት ነበር የፈለግኩት። ጥፋቱ የማን ነው? ከዚሁ ጋር፣ «ቅኝት» እና «ስኬል» አንድ ናቸው? «ኖታ» የምንለውስ የሚሰማውን ነው የሚጻፈውን? ደግሞ ኪቦርድ ይመታል ወይስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የሰማችውን አማርኛ ነው የፈጸመችው። ቴሌቪዥኑ አልሰማ ሲለን «ከፍ አድርጊው» እንላለን። ሕፃን ሲተኛ «ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው» እንላለን። አዳራሽ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልን» ሲል ተናጋሪው በቀጭን ድምፅ ያውራልን ማለቱ አይደለም። ጮክ ይበልልን ማለቱ ነው። በአማርኛ የድምፅ «ከፍ» እና «ዝቅ» በጉልበት ተይዘዋል።

ሙዚቃ ላይ ግን ከጉልበት ሌላ አንድ ነገር አለ። እሱም የንዝረቱ ፍጥነት ነው። ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት ላ በሰከንድ 440 ጊዜ ይነዝራል። በቀስታ ነካ ቢያደርጉትም 440 ነው፤ በኃይል ቢመቱትም 440 ነው። ጩኸቱ ይለያያል እንጂ ያው ላ ነው። ንዝረቱ 880 ሲገባ ደግሞ አንድ ኦክታቭ የወጣ ላ ይሆናል፤ ኦክታቭ ማለት ንዝረቱ እጥፍ ሆኖ የድምፁ ስም ያው የሚሆንበት ርቀት ነው። በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ የጀማሪ መጻሕፍት ይህንንም «ከፍተኛ» እና «ዝቅተኛ» በሚሉ ቃላት ነው የሚጠሩት። ያንን ቃል በቃል ስናመጣው እርስዎ ክፍል ውስጥ የተፈጠረው ነገር ይፈጠራል።

የሚያሳዝነው፣ አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም። ቀጭንና ወፍራም እንላለን። ስልክ አንስተን ማን እንደደወለ ስንጠየቅ «እኔ እንጃ፣ ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ናት» እንላለን። አባወራው ሲያስነጥስ ቤቱን የሚሞላው ወፍራም ድምፅ ነው። ቃሉ ከነገሩ ጋርም ይገጥማል። ጊታር ያገኙ እንደሆነ ለተማሪዎ ያሳይዋት። ስድስቱን ክሮች በጣቷ ትዳስሳቸው። ወፍራሙ ክር ወፍራም ድምፅ ይሰጣታል፣ ቀጭኑ ቀጭን። ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልግም።

እንቅስቃሴውን ለመናገር ደግሞ መውጣትና መውረድ አለልን። የደሴ ሰው ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ይወጣል። ይህን በቀን ስንቴ እንደምትሉት እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ «ከዶ ወደ ሬ ውጪ»፣ «ከሶል ወደ ሚ ውረጂ» ቢሏት ጣቷ ወዲያው ይሄዳል። አምስቱ የኖታ መስመሮች ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ድምፁ ሲቀጥን ነጥቡ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወፍር ይወርዳል። ጉልበቱን በፈለጉ ጊዜ «ጠንከር አድርጊው»፣ «ለስለስ አድርጊው» ይበሏት። እንግዲህ ሁለቱ አይጋጩም።

አሁን ወደ ቅኝት ልምጣ። ይህን ቃል በጣም ነው የምወደው፤ ትንሽ ብቆይበት ይታገሱኝ።

ቃኘ ማለት ዞር ዞር ብሎ አየ፣ መረመረ ማለት ነው። ወታደር አካባቢውን ይቃኛል። የክራር ተጫዋችም ክራሩን ይቃኛል። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ክራር ተጫዋች ይህንን ሲያደርግ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት እየተጫወተ ነበር፤ ትዝታ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። «ቆይ፣ ወደ ማይነር ላድርገው» አለና ጆሮውን ወደ ክራሩ ደፋ። ከቀንበሩ ላይ አንዱን መቃኛ ላላ አደረገው። ክሩን ነካ፣ በአፍንጫው አንጎራጎረ፣ እንደገና ላላ አደረገው። ቀጥሎ ሌላ ክር ላይ ሄደ። ሁለት ክር ብቻ ነው የነካው። ሲጨርስ አምስቱን ድምፅ በተርታ አሰማኝ። ቅድም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የነበረው አሁን ሚው እና ላው በግማሽ ድምፅ (ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ አጠገቡ እስካለው ቁልፍ በሚሆን ርቀት) ወርደዋል። ቤቱ ውስጥ የነበረው ስሜት ሁሉ ተለወጠ።

የጥያቄዎ መልስ እዚህ ላይ ነው። ክራር ላይ መቃኘቱ ሥራው ነው፤ ቅኝት ደግሞ ከዚያ ሥራ የሚገኘው የድምፆች ስብስብ ነው። ባለ 6 ክር ክራር ላይ አምስት የተለያዩ ድምፆች ብቻ አሉ፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን በኦክታቭ ይደግማል። የቃኙት ሁሉ በእጅዎ ያለው ሁሉ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቃል ለሁለቱም የበቃው። ኪቦርድ ላይ ግን ማንም ለመጫወት ብሎ አይቃኝም። 12ቱ ድምፆች ተዘጋጅተው ተሰልፈዋል። ተጫዋቹ ከመሃላቸው መርጦ በቅደም ተከተል ይሄድባቸዋል። ስኬል የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ የመጣው መሰላል ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ በእግር እየረገጡ የሚወጡበትና የሚወርዱበት መሰላል።

ስለዚህ የኔ ምክር እንዲህ ነው። ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ቅኝት ይበሉ። «የትዝታ ስኬል» ማለት ስህተት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ግን ያለንን ሙሉ ቃል ትቶ ጎደሎውን መያዝ ነው። ለሰባቱ የዶ ሬ ሚ ደረጃዎች ደግሞ ስኬል ይበሉ፤ የሚረዳዎት ይበዛል። ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም እናንተው ዘንድ ያለ መሬት ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ። ተማሪዎችዎ የቦታውን ስም ከሙዚቃ ትምህርት በፊት ያውቁታል። ከዚያ ቢጀምሩላቸው ደስ ይለኛል። ደግሞ አንድ ተማሪ ሲስት «ከቅኝት ወጣህ» ይበሉት እንጂ «ድምፁ ተበላሸ» አይበሉት። ድምፁ አልተበላሸም።

ኖታስ? የሚጻፈው ነው። «ኖታ ያነባል»፣ «ዘፈኑን በኖታ ጻፈው» እንላለን። የሚሰማውን ድምፅ ይበሉት፤ «የሶል ድምፅ» ቢሉ ይበቃል። (ፊደሉን ለሚጠይቁኝ፦ በግዕዙ ሥር ድምፅ በፀሐዩ «ፀ» ነው።) ኖታ በጣሊያንኛም ኖታ ነው። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ የሚሉት የኖታ ርዝመቶች ግን ቁጥራችን ስለሆኑ ማንንም አያስቸግሩም።

ድምፅን በጽሑፍ ማስቀመጥ ለአገራችን እንግዳ እንዳልሆነ ለልጆቹ ይንገሯቸው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የዜማ ምልክት የሚሉት አላቸው። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሥርዓቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት የዚያ ምልክቶች ስሞች ናቸው። ስማቸውን ጮክ ብለው ያንብቡት። ቁርጥ ይቆረጣል፣ ሂደት ይሄዳል፣ ይዘት ይይዛል። ስሙ ራሱ ለዘማሪው ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል።

ከነዚህ ሌላ በቃላቱ ላይ የሚጻፉ ትንንሽ ፊደላት አሉ። ፊደሉ ከአንድ የታወቀ ዜማ ቃል የተወሰደ ነው። ዘማሪው ፊደሉን ሲያይ ያ ቃል በዜማው የተባለበት መንገድ ትዝ ይለዋል፣ እዚህም በዚያው መንገድ ያዜመዋል። ዶ ሬ ሚም ቢሆን በተመሳሳይ ብልሃት ነው የተወለደው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጉይዶ የሚባል የአሬዞ ጣሊያናዊ መነኩሴ ለመጥምቁ ዮሐንስ የሚዘመር መዝሙር ያዘ። የስድስቱ ሐረጎች መነሻ ድምፅ አንዱ ከአንዱ እየወጣ ይሄድ ነበር። የሐረጎቹን የመጀመሪያ ቀለሞች ወሰደ፦ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ። ኡት ኋላ ዶ ሆነ፣ ሲም ተጨመረ። ሁለት ሩቅ አገር ያሉ መነኮሳትና ሊቃውንት ተማሪ የሚያውቀውን መዝሙር ቆርሰው የድምፅ ስም አደረጉት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ያም ሆኖ በአምስቱ መስመር ላይ የሚጻፈውን «ምልክት» ብለው አይጥሩት። ቃሉ ባለቤት አለው፤ አንዱ ተማሪዎ የቄስ ትምህርት ቤት የሄደ እንደሆነ ይደናገራል። ኖታ ይበቃል።

ስለ ምት አልጠየቁኝም፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ምት ከመታ የመጣ ነው፣ መቆጠር የሚችል ነው፤ «ባለ 3 ምት»፣ «ባለ 4 ምት» ይባላል። ወሎ መንዙማ ላይ ድቤ ሲመታ የሰማ ልጅ ምትን በሰሌዳ ከማየቱ በፊት በትከሻው ያውቀዋል። «ሪትም» የሚለውን ከዚያ በኋላ ቢያመጡት ይሻላል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ኪቦርድ ምን ይደረጋል? አማርኛ ለየመሣሪያው የየራሱ ግሥ አለው። በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል። ግሡ እጅ ወይም አፍ የሚሠራውን ያሳያል። ኪቦርድ ግን አዲስ ገቢ ነውና ሕዝቡ «ይጫወታል» ብሎ ተስማምቶበታል፤ እኔም ከሕዝቡ ጋር ነኝ። ተማሪዋን «ኪቦርድ ምቺ» ካሏት ግን እንደ ባለፈው ዶዋን እንደገና በኃይል ትጫነዋለች።